ሰናመኪና የዱር ዘመዶቿ

  

እኔ በምሠራበት ሲኤምሲ አካባቢ ባለ መድኃኒት ቤት ከዒድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሰው የሚጠይቀው ነገር የታወቀ ነው። የጨጓራ መድኃኒት፣ የሆድ ድርቀት መድኃኒት፣ ከዚያም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «ማቅጠኛ ሻይ አላችሁ?» ይባላል። ባለፈው ሸወል አንድ ቀን ከዐሱር በኋላ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት ገቡ። የደም ግፊት ኪኒናቸውን ከኛ ዘንድ ስለሚወስዱ እንተዋወቃለን። ጥቁር ፌስታል ከቦርሳቸው አወጡና ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ እስቲ ይህን ሰናመኪ እይልኝ። አዲስ ነው የገዛሁት፣ እንደ በፊቱ አልሠራልኝም።»

«ከጀመሩት ስንት ጊዜ ሆነዎት፣ እናቴ?»

«ከረጀብ ጀምሮ ነው። ማታ ማታ አፍልቼ አንድ ብርጭቆ እጠጣለሁ። ክብደት ይቀንስልኛል፣ ሆዴንም ያጥብልኛል ብዬ ነው። ደግሞ ነቢያዊ መድኃኒት አይደል፣ ምን ይጎዳኛል?»

በዚያው ጨዋታ መሐል እግራቸውን ሌሊት ሌሊት እንደሚይዛቸው፣ ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸው እንደሚክዳቸው፣ ልባቸውም አልፎ አልፎ ድው ድው እንደሚል ነገሩኝ። እርሳቸው ግን ይህን ሁሉ ከሰናመኪው ጋር አላገናኙትም፤ ለጾሙ ድካም ነበር የሰጡት።

ነጭ ወረቀት ዘርግቼ ቅጠሉን በተንኩት። አብዛኛው ትክክለኛ ሰናመኪ ነበር። በመካከሉ ግን ሰፋና ረዘም ያሉ ሌሎች ቅጠሎች፣ ከነርሱም ጋር አንዲት ቀጭን፣ ረጅም፣ ጎበጥ ያለች የደረቀች ፍሬ አገኘሁ። የሰናመኪ ፍሬ እንዲህ አይደለችም። የዛሬውን ጽሑፍ ያጻፈችኝ ይህች ፍሬ ናት።

በዲፕሎማ ስንማር ከመድኃኒት ዕፅዋት ትምህርት ውስጥ ተማሪው ሁሉ የማይረሳው አንድ ነገር የሰናመኪ ቅጠል መለያ ነው። በመድረሳም ስሟን ቀድሜ ሰምቼው ነበር። ዐረቦች «ሰና» ይሏታል፣ ከመካ አካባቢ የምትመጣውን ደግሞ «ሰና መኪ» ብለው ለዩዋት። የኛ ሕዝብ ሁለቱን ቃል አንድ አድርጎ ሰናመኪ አለ። ፈረንጆች የእስክንድርያ ሰና ይሏታል። እስክንድርያ ስለምትበቅል ግን አይደለም። ከኑቢያና ከሱዳን በረሃ ተለቅማ በአባይ ወርዳ በእስክንድርያ ወደብ በኩል ወደ አውሮፓ ትጫን ስለነበር ነው። የሳይንስ ስሟም ሴና አሌክሳንድሪና ሆኖ ቀርቷል።

ቤተሰቧ የባቄላና የአተር ቤተሰብ ነው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ይገረማል። የአተርን አበባ ያየ ሰው ቢራቢሮ መምሰሏን ያስታውሳል፤ የሰናመኪ አበባ ግን አምስት ተቀራራቢ ቢጫ ቅጠሎች ያላት ተራ የምትመስል አበባ ናት። ልዩነቱ ከውስጥ ነው። የአበባው ዱቄት ያለበት ከረጢት እንደ ሌሎቹ ተሰንጥቆ አይከፈትም። ጫፉ ላይ ጠባብ ቀዳዳ ብቻ አለው። ማርም የላትም። ስለዚህ ትልልቅ የዱር ንቦች አበባውን ጨብጠው ክንፋቸውን ሳይዘረጉ ሰውነታቸውን እያንቀጠቀጡ ያርገፈግፉታል፣ ዱቄቱም በቀዳዳው ይረጫል። የቀፎ ንብ ይህን ማድረግ አትችልም። ሌላም ነገር አለ። ባቄላና አተር ሥራቸው ላይ ባሉት ትንንሽ እብጠቶች ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ መሬቱን ያዳብራሉ፤ የሰና ወገኖች ግን እነዚህ እብጠቶች የሏቸውም። ከጥራጥሬ ቤተሰብ ተወልደው የቤተሰቡን ሙያ ያልያዙ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

ሰናመኪ እስከ አንድ ሜትር የምትደርስ፣ ከዓመት ዓመት የምትኖር ትንሽ ቁጥቋጦ ናት። ግራርና የከርቤ ዛፍ ወገኖች በሚበቅሉበት ደረቅ ቆላ ትወዳለች፤ በሱዳን፣ በአገራችን ምሥራቃዊ ቆላ፣ በሶማሊያ፣ በየመንና በሒጃዝ አልፋ እስከ ህንድ ትገኛለች። በደቡብ ህንድ በቲሩነልቬሊ አካባቢ ግን በየዓመቱ እየተዘራች እንደ ሰብል ትሰበሰባለች። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚዞረው አብዛኛው ቅጠል የሚመጣው ከህንድ ነው።

አሁን ወደ ሐዲሱ ልመለስ፣ ምክንያቱም እኒያ እናት ያሉት ብዙዎቻችን የምንለው ነው። ቲርሚዚይና ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት መሠረት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስማእ ቢንት ዑመይስን (ረ.ዐ) ሆዷን ለማለስለስ በምን እንደምትጠቀም ጠየቋት። ሹብሩም የሚባል ተክል መሆኑን ነገረቻቸው። እርሳቸውም ኃይለኛነቱን ነቀፉ። ከዚያ በኋላ በሰና ተጠቀመች፣ ሰናንም እጅግ አድርገው አወደሱላት። በዘገባው ሰነድ ላይ ዑለማዎች የተነጋገሩበት ስለሆነ ያንን ለባለቤቶቹ እተዋለሁ። እኔን የሚማርከኝ የተጠያቂዋና የመድኃኒቱ ነገር ነው።

አስማእ ማን ነበሩ? ከባለቤታቸው ከጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) ጋር ወደ አገራችን የተሰደዱ፣ ልጃቸውን ዐብደላህን በሐበሻ ምድር የወለዱ፣ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ የኸይበር ዘመቻ ጊዜ ወደ መዲና የተመለሱ እናት ናቸው። ከሐበሻ የመድኃኒት ዕውቀት ይዘው እንደተመለሱም የሐዲስ መጻሕፍት ያወሳሉ። እንግዲህ የሰናመኪ ወሬ ከኛ ምድር የራቀ አይደለም።

ሹብሩም ደግሞ የቁልቋል ወገን የሆነ፣ ሲሰበር ወተት የሚያወጣ ተክል ነው። ይህ ወተት አንጀትን የሚያቃጥል ኃይለኛ ነገር ነው። ስለዚህ በፋርማሲ ባለሙያ ዓይን ሳየው ሐዲሱ የሚናገረው ድርቀት ስላለባት ሴትና ከኃይለኛ መድኃኒት ወደ ለዘብተኛው ስለ መሻገር ነው። ድርቀት የሌለበት ሰው ለወራት ማታ ማታ ይጠጣው የሚል ነገር እኔ አላገኘሁበትም። ሰናን ከ«ሰኑት» ጋር አብሮ የሚያወሳው ሌላው ዘገባም እንዲሁ ደስ ይለኛል። ዑለማዎች ሰኑት ምንድን ነው በሚለው ላይ ተለያይተዋል፤ ማር ነው ያሉ አሉ፣ ከሙን ነው ያሉ አሉ፣ እንስላል ነው ያሉም አሉ። ከሙንና እንስላል የሆድ ነፋትንና ቁርጠትን የሚያስታግሱ ናቸው፤ የሰናመኪ ዋናው ችግር ደግሞ ቁርጠት ነው። የጥንት ሐኪሞች ሰናን ብቻዋን አይሰጡም ነበር ማለት ነው።

ሰናመኪ የምትሠራው እንዴት ነው? በቅጠሏ ውስጥ ሴኖሳይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ስዊዘርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1941 ነጥረው ወጡ። ሴኖሳይድ ሲዋጥ በጨጓራም በትንሹ አንጀትም ምንም ሳይሠራ ያልፋል። ትልቁ አንጀት ሲደርስ እዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ይቆርጡለትና ወደሚሠራው ቅርጽ ይለውጡታል። ያን ጊዜ የትልቁን አንጀት ጡንቻ ያንቀሳቅሳል፣ ውኃም ወደ ሰውነት እንዳይመለስ ያደርጋል። ይህ ሁሉ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል። ማታ የተጠጣው ጠዋት የሚሠራው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛው ስለ ክብደት ነው። የበላነው ምግብ አብዛኛው ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት ነው። ሰናመኪ ሥራዋን የምትጀምረው ደግሞ ከዚያ በኋላ በትልቁ አንጀት ነው። ስለዚህ ሚዛን ላይ ወጥተን ቀነስን የምንለው በአመዛኙ ውኃ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ስንጠጣ ይመለሳል። «ማቅጠኛ» ተብለው በሚያማምር ካርቶን የሚሸጡ ሻዮችን ጀርባ አንብቡ። ብዙዎቹ ውስጥ ሰና የሚለውን ቃል ታገኛላችሁ።

ሁለተኛው ስለ ጾም ነው። በረመዷን ከተራዊሕ በኋላ የተጠጣ ሰናመኪ የሚሠራው ረፋድ ላይ፣ ማለትም ውኃ መጠጣት በማይቻልበት ሰዓት ነው። የወጣውን ውኃ እስከ መግሪብ መተካት አይቻልም። እኒያ እናት ረመዷንን ሙሉ እንዲህ ነበር ያሳለፉት።

ከውኃው ጋር አብሮ የሚወጣው ፖታሲየም ነው። ፖታሲየም ጡንቻንና ልብን በሥርዓት የሚያሠራ ጨው ነው። ሲያንስ እግር ይይዛል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ልብ ይዛባል። የደም ግፊት ኪኒናቸው ደግሞ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነበር፤ እርሱም ሽንት እያበዛ በራሱ ፖታሲየም የሚያስወጣ ነው። ሁለት ቀዳዳ ያለው ጀሪካን ማለት ነው። ላሲክስ የሚወስድ ሰውም እንዲሁ ነው። ለልብ ዲጎክሲን የሚወስድ ከሆነ አደጋው ይብሳል፣ ፖታሲየም ሲያንስ ዲጎክሲን ይመርዛልና። በዚያኑ ቀን ምንም ሳልሸጥላቸው ወደ ሐኪም ላክኋቸው። የደም ምርመራው ፖታሲየማቸው ዝቅ ማለቱን አሳየ።

«አዲሱ አልሠራልኝም» ያሉትም ምክንያት አለው። ለብዙ ጊዜ በአስቀማጭ ሲነዳ የኖረ አንጀት በራሱ መሥራት ሊሰንፍ ይችላል ተብሎ ይሠጋል፤ ሰውየው መጠኑን ይጨምራል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። በኛ አገር ደግሞ ሆድን ማጠብ የሚባል አሮጌ ልማድ አለ። አያቶቻችን ኮሶና እንቆቆ ይጠጡ ነበር። እነርሱ ግን የሚጠጡት የኮሶ ትልን ለማስወጣት ነበር፣ ምክንያት ነበራቸው። ዛሬ ትሉ ሳይኖር መታጠቡ ብቻ ቀርቶልናል።

ስለ መጠን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በቀን ከ15 እስከ 30 ሚሊግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ያስገባው የሰና ኪኒን 7.5 ሚሊግራም ሴኖሳይድ ያለበት ነው። ጥሩ ደረቅ ቅጠል ከመቶው 2.5 እጅ ያህል ንጥረ ነገር አለው ብንል አንድ ግራም ቅጠል ወደ 25 ሚሊግራም ይሰጣል። ይህም የአንድ ቀን ሙሉ መጠን ነው። አንድ እፍኝ 10 ግራም ቢመዝን 250 ሚሊግራም ሆነ ማለት ነው። እኒያ እናት «እፍኝ አይሞላም» ሲሉኝ ያሰብኩት ይህን ነው።

እንግዲህ ወደዚያች ቀጭን ፍሬ እንምጣ። ሰናመኪ ብዙ ዘመዶች አሏት። ከነርሱ ሁለቱ በክረምት የሚወጡ፣ አብበው አፍርተው በበጋው የሚደርቁ የአንድ ዓመት የዱር ተክሎች ናቸው። ዘራቸው ጠንካራ ስለሆነ መሬት ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ በመንገድ ዳር፣ በከብት መዋያና በተተወ ማሳ እንደ አረም ይወርራሉ። ሁለቱም ቢጫ አበባ አላቸው፣ ቅጠላቸውም ማታ ማታ ይታጠፋል።

የመጀመሪያዋ ሴና ኦብቱሲፎሊያ ናት። በአንድ ዘንግ ላይ ሦስት ጥንድ ቅጠሎች አሏት፣ ጫፋቸውም ክብ ነው። ሱዳኖች በዳርፉር ከርሷ «ከወል» የሚባል ምግብ ይሠራሉ። ቅጠሉን ወቅጠው በሸክላ ማሰሮ ያጭቁታል፣ በማሽላ ቅጠል ሸፍነው በጭቃ ይመርጉታል፣ ማሰሮውን እስከ አንገቱ ይቀብሩታል። በየሦስት ቀኑ እየከፈቱ ያሹታል። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሞላው እየጠፈጠፉ ፀሐይ ላይ ያደርቁታል፤ ሥጋ በሌለበት ወጥ ውስጥ የሥጋን ቦታ ይይዛል። ሽታው ግን ከእጅ በቶሎ አይለቅም ይባላል። የሰው ጥበብ የዱር አረምን እንዴት ምግብ እንደሚያደርግ ሳስብ ሱብሓነላህ እላለሁ። ከወል ግን የሚሠራው ከቅጠሏ እንጂ ከዘሯ አይደለም፣ የሚበላውም ከፈላ በኋላ ነው።

ሁለተኛዋ ሴና ኦክሲደንታሊስ ናት። በፌስታሉ ውስጥ ያገኘኋት ፍሬ የርሷን ትመስላለች። ይህች ቀልድ አታውቅም። በሰሜን ህንድ በኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ሀገር በየዓመቱ ዝናቡ ሲያልፍ ትንንሽ ልጆች በድንገት ራሳቸውን እየሳቱ ይሞቱ ነበር። ለብዙ ጊዜ የቫይረስ የአንጎል በሽታ ነው ተብሎ ታሰበ። እ.ኤ.አ. በ2007 የአካባቢው ሐኪሞች ልጆቹ ሲጫወቱ የዚህችን ተክል ዘር እንደበሉ አረጋገጡ። መርዙ ጉበትን፣ ጡንቻንና አንጎልን አንድ ላይ ይመታል። ወላጆች ተክሉን እንዲያውቁ ከተደረገ በኋላ የሚታመሙት ልጆች ቁጥር ቀነሰ። ዘሯን ቆልተው እንደ ቡና የሚጠጡ አገሮች አሉ፣ እሳቱ መርዙን ይቀንሰዋልና። ጥሬው ግን ከብትንም ይጥላል።

ከፌስታል የምንገዛውን ቅጠል እንዴት እንለይ? ነጭ ወረቀት ላይ በትኑት። የሰናመኪ ቅጠል ከሁለት እስከ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያላት፣ እንደ ጦር ጫፍ የሾለች፣ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ቢጫ የምታደላ አረንጓዴ ናት። ዋናው ምልክት ከሥሯ ነው። በመካከል የሚያልፈው ጅማት ግራና ቀኝ የቅጠሉ መነሻ እኩል አይደለም፤ አንዱ ወገን ከሌላው ዝቅ ብሎ ይጀምራል። መምህራችን «አንድ ትከሻዋ ዘንበል ያለ» ይሉን ነበር። የኦክሲደንታሊስ ቅጠል ሰፋ ያለና እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ነው፤ እርጥቡ ሲታሽ መጥፎ ሽታ አለው፤ በቅጠሉ ዘንግ መነሻ ላይም እንደ ኪንታሮት ያለች እብጠት አለች። ሰናመኪ ይህች እብጠት የላትም። ፍሬዎቻቸውማ ጭራሽ አይመሳሰሉም። የሰናመኪ ፍሬ እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ፣ አጭር፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል የምትሰፋ ናት። የዘመዶቿ ግን ቀጫጭንና ረጃጅም ናቸው። የተፈጨ ከሆነ ግን ማንም በዓይኑ አይቶ ሊለየው አይችልም፤ ዱቄቱን ባትገዙ እመርጣለሁ።

ነፍሰ ጡር በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አትውሰደው፣ ከዚያም በኋላ ቢሆን ሐኪሟን ሳታማክር አይሆንም። ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በራሳችን አንስጥ። ምክንያቱ ያልታወቀ የሆድ ሕመም፣ ማስታወክ ወይም የሆድ መነፋት ያለበት ሰው አንጀቱ ታግዶ ሊሆን ስለሚችል ከነጭራሹ አይንካው። ሽንት ወደ ቀይ ቢያደላ ግን አትደንግጡ፣ የቅጠሉ ቀለም ነው። አዋቂ ሰውም ቢሆን ከአንድ ሳምንት አያስበልጠው። በሳምንቱ ውስጥ ካልተሻለ፣ ወይም ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሆድ ጠባይ ከተለወጠ፣ ወይም ደም ከታየ ነገሩ የቅጠል ሳይሆን የምርመራ ነው።

ለተራ ድርቀትማ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ውኃ እያከፋፈሉ መጠጣት፣ ከሳምቡሳው ጎን ጎመንና ፉል ማብዛት፣ ተልባ፣ የገብስ ቂጣ፣ ቴምርና መራመድ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ይህን ስናገር ደንበኞቼ ፊታቸው ላይ ቅሬታ አያለሁ፣ የሚገዛ ነገር ስላልነገርኳቸው መሰለኝ።

እኒያ እናት ሰናመኪውን ከተዉ በኋላ አንጀታቸው ወደ ቦታው ለመመለስ ሳምንታት ወስዶበታል። ሐኪማቸው የግፊት ኪኒኑን ለወጠላቸው፣ እግራቸውን የሚይዛቸው ነገርም ቀረ። የተረፈውን ፌስታል ላስቀርባቸው ስል «ገንዘቤ አይደል እንዴ!» ብለው ተከራከሩኝ፤ በመጨረሻ ግማሹን ትክክለኛ ቅጠል ለቅሜ ለየሁላቸው፣ ሌላውን ጣልኩት። ቀጭኗን ፍሬ ግን አልጣልኳትም። ከአንድ የሰናመኪ ቅጠልና ከአንድ ጠፍጣፋ የሰናመኪ ፍሬ ጋር በካርቶን ላይ በፕላስተር ለጥፌ ከባንኮኒው መስታወት ሥር አስቀመጥኳት። ባለፈው ጁሙዓ ኪኒናቸውን ሊወስዱ መጥተው መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና አዩዋት።

«ይህችን ነው እኔ የጠጣሁት?» አሉኝ።

«ከቅጠሏ ጥቂት ሳይኖርበት አይቀርም፣ እናቴ» አልኳቸው።

አብራቸው ለመጣችው ልጃቸው በጣታቸው እያመለከቱ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማስረዳት ጀመሩ።